ከሆለታ የሚቀርበው አምስተርዳም ነው ወይስ አምቦ?

ሆለታ አካባቢ ዛሬ ጠዋት የተቆረጠች ጽጌረዳ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ አውሮፓ ትገኛለች። ከቦሌ ማታ ትነሳለች፤ አምስተርዳም አጠገብ ባለው የአልስሜር ጨረታ ወይም በቀጥታ በአንድ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ትቀርባለች። ያቺው ጽጌረዳ በዚያው አስፋልት ወደ ምዕራብ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በታች ተጉዛ፣ አምቦ ላሉ አንዲት እናት እጅ መድረስ ግን አይሆንላትም።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። አትላንታ ወይም ፍራንክፈርት ያለ የአምቦ ልጅ ለእናቱ የልደት ቀን አበባ መላክ ቢያምረው መጀመሪያ የሚያገኘው አዲስ አበባ ያሉ የስጦታ ድርጅቶችን ነው። ፎቶው ያምራል፣ ክፍያውም በካርድ ይሆናል። አድራሻ ሲሞላ ግን «የምናደርሰው አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ነው» ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ያለ የአክስት ልጅ ይደወልለታል። እሱ ከአበባ ሱቅ እቅፉን ገዝቶ አስኮ መናኸሪያ ይሄድና የአምቦ መኪና ሹፌር ወይም ረዳት ይለምናል። ስልክ ቁጥር በወረቀት ይጻፋል፣ ትንሽ ብር ይጨመራል፣ «እንዳይጨፈለቅ አደራ» ይባላል። መኪናው መናገሻን፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አልፎ አምቦ ይገባል። እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ አበባው ያለፈው ምናልባት በበቀለበት እርሻ አጥር ሥር ነው። ወደ ምሥራቅ ሄዶ፣ ተሽጦ፣ እንደገና ወደ ምዕራብ መጣ። አምቦ ሲደርስ አንገቱ ተሰብሯል።

ለምን ተሰበረ? ጽጌረዳ ስትቆረጥ መሞት ትጀምራለች፤ የአበባ ንግድ ማለት ያንን ሞት ማዘግየት ነው። እርሻው ላይ ገና ሳትፈነዳ ትቆረጣለች፣ ወዲያው ውሃ ውስጥ ትገባለች፣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ትቆያለች፣ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ትደርሳለች፣ እዚያም የሚጠብቃት ቀዝቃዛ መጋዘን ነው። ይህ ሰንሰለት ካልተበጠሰ ሮተርዳም ያለች ሴት ጠረጴዛ ላይ ከሳምንት በላይ ትቆያለች። ከቦሌ ወዲያ የተሠራው ይህ ሁሉ ከአስኮ ወዲህ የለም። ያለው የሚኒባስ የኋላ መቀመጫ፣ የከሰዓት ፀሐይ፣ ከጎን የዶሮ ቅርጫት ነው። ሹፌሩ ምንም አላጠፋም። ሠንሰለቱ ለእሱ መንገድ አልተሠራም።

ይህም የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የኢትዮጵያ የአበባ እርሻ በ1990ዎቹ ሲጀመርና ሲስፋፋ ከመነሻው የተነደፈው ለውጭ ምንዛሪ ነበር። መንግሥት መሬት ሰጠ፣ የግብር እፎይታ ሰጠ፣ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ እስከ 70 በመቶ የፕሮጀክቱን ወጪ አበደረ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላን አሰለፈ። ውጤቱም መጣ። አገሪቱ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ሆነች፤ ዘርፉ ከቅርብ ዓመታት በአንዳንዶቹ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ይህንን ማጣጣል አይገባም። ግን አንድ አገር ሃያ ዓመት ሙሉ አበባ እያመረተ፣ አበባ ከሚያመርትበት ወረዳ ቀጥሎ ባለው ከተማ አበባ መግዛት ካልተቻለ፣ የጎደለ ነገር አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና የአውሮፓን ገበያ ሲዘጋ የጨረታው ዋጋ ወደቀ፣ እዚህም እዚያም አበባ በክምር ተጣለ። ለአንድ ገዥ ብቻ የተሠራ መስመር፣ ገዥው በሩን ሲዘጋ ሌላ መውጫ እንደሌለው ያኔ በግልጽ ታየ።

«አበባ አይበላም» የሚል መልስ እንደሚመጣ ይታወቃል። የሚናቅ መልስም አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዘይትም፣ መድኃኒትም፣ የትምህርት ቤት ክፍያም ወዴት እንደሄደ እያንዳንዱ ቤት ያውቀዋል። አንዲት እናት በጓዳዋ ጤፍ ሳይኖር አንድ እቅፍ ጽጌረዳ ቢመጣላት ደስታዋ ከመሸማቀቅ ጋር የተቀላቀለ ነው የሚሆነው። «ብሩን ብትልኪልኝ ኖሮ» ብላ በልቧ ብታስብ ማንም አይፈርድባትም። በልቧ ብቻ ሳይሆን በአፏም የምትለው አለች።

ሆኖም ክርክሩ እዚያ ላይ ማለቅ የለበትም። ብር እየተላከ ነው። በባንክ ይላካል፣ በቴሌብር ይላካል፣ በሰው እጅ ይላካል። በትናንሽ ከተሞች ያሉ ብዙ ወላጆች ከውጭና ከአዲስ አበባ በሚመጣ ብር ይኖራሉ፤ ብሩም ሳይደርስ በፊት ተከፋፍሎ ያልቃል። ለእከሌ ሕክምና፣ ለእድር፣ ለልጆቹ ደብተር። ከተላከው ውስጥ የእናትየዋ የራሷ የሆነ፣ ሌላ ሰው ሊበደረው ወይም ሊካፈለው የማይችል ነገር ስንት ነው? አንድ ልጅ አሥር ዓመት ሙሉ ብር ልኮ፣ እናቱ ግን «ይህ ከልጄ የመጣ ነው» ብላ ለጎረቤት የምታሳየው አንድ ዕቃ የሌላት ቤት ሞልቷል። ብር ደግሞ ፊት የለውም። ከመንግሥት ደሞዝ የመጣውም ከልጅ የመጣውም መቶ ብር አንድ ነው።

አበባ መስጠት የፈረንጅ ነው የሚሉም አሉ። እነዚህኞቹ የበለጠ ተሳስተዋል። በምዕራብ ሸዋ ክረምቱ ሲወጣ ሜዳው ቢጫ ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪው አደይ የሚለውን ኦሮሞው ኬሎ ይለዋል። ልጃገረዶች በየደጁ እየዞሩ ሽኖዬ ይጫወታሉ፤ በሌላው አካባቢ አበባየሆሽ ይባላል፤ ወንዶች ልጆች ደግሞ የአበባ ሥዕል በቀለም ሠርተው ለአዋቂ ሰው ያበረክታሉ። ኢሬቻ ላይ ሕዝቡ ወደ ውሃው የሚወርደው እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ነው። ጎጃም ላይ በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ ነቀላ አለ። ቡና ሲፈላ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። እርጥብ ነገር ይዞ ሰው ፊት መቆም እዚህ አገር የጨረታ ሰዓት ከመፈልሰፉ በፊት የነበረ ነው። ራሷ ጽጌረዳም እንግዳ አይደለችም። በደጋው ቁጥቋጦና በእርሻ ዳር ነጭ አበባ የምታወጣው ቀጋ፣ ልጆች ፍሬዋን የሚለቅሟት እሾሃም ተክል፣ በሐሩራማው አፍሪካ በተፈጥሮ የምትበቅል ብቸኛዋ የጽጌረዳ ዘር ናት። ሆለታ ላይ በፕላስቲክ ድንኳን ውስጥ የሚበቅሉት ዝርያዎች ከውጭ የመጡ ናቸው፤ ዘመዳቸው ግን ከአጥሩ ውጭ ቆማለች።

እዚህ ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለል። በእኛ ባህል አበባ የሚሰጠው በእጅ ነው። ይዞት የመጣው ሰው ራሱ ስጦታው አካል ነው። አደዩን የሰጠችው ልጅ ደጃፍ ላይ ቆማ ትመረቃለች፣ «ለከርሞ በሰላም ያድርስሽ» ትባላለች። በሞተር ብስክሌት የመጣ የማይታወቅ ወጣት እቅፍ አቀብሎ «እዚህ ጋ ፈርሙ» ሲል ግን ምርቃቱ ለማን ነው? ሌላም አለ። በትናንሽ ከተሞች በሱቅ የተሠራ የአበባ ዝግጅት ብዙ ሰው በቅርብ የሚያየው በሁለት ቦታ ነው፤ በሠርግና በቀብር። ሙሽራዋ እቅፍ ትይዛለች፤ ለሬሳ ደግሞ ጉንጉን ይቀመጣል። ልጃቸው ሩቅ አገር ያለ አዛውንት ቤት ሳይታሰብ ሪባን የታሰረበት አበባ ይዞ የሚያንኳኳ እንግዳ፣ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው ደስታን ላይሆን ይችላል። ቀድሞ መደወል ያስፈልጋል። ፈረንጆቹ ድንገት መላክን ይወዱታል፤ እዚህ ድንገተኛ መልእክት መርዶ ነው የሚሸተው።

እንግዲህ የተቆረጠ አበባ ለአምቦ መንገድ አልተመቸም፣ ባህሉም ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም፣ ዋጋውም ያስቆጫል። ሥር ያለው ተክል ግን ሌላ ነገር ነው።

የማንኛዋንም የአምቦ፣ የጉደር፣ የጊንጪ እናት ግቢ ያየ ሰው ይህንን ያውቃል። በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ፣ በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ፣ እጀታው በተሰበረ ድስት ውስጥ የማይበቅል ነገር የለም። ጤና አዳም ለቡናው፣ በሶብላ ለሽሮና ለበርበሬው፣ ኮሰረት ለቅቤው፣ ዳማከሴ ለምች፣ ጠጅ ሣርና አሪቲ ለመዓዛው። ከበሩ አጠገብ ደግሞ ለምንም የማይጠቅም፣ ለዓይን ብቻ የተተከለ አንድ አበባ አለ፤ ጄራኒየም ወይም የጽጌረዳ ቁጥቋጦ። «አበባ አይበላም» የምትለው እናት ራሷ ናት በጠዋት ተነስታ የምታጠጣው። እነዚህ ተክሎች ደግሞ አብዛኞቹ አልተገዙም። አንዷ ከሌላዋ ግንጣይ ጠይቃ ያመጣችው ነው። እያንዳንዱ ጣሳ የመጣበት ሰው ስም አለው፤ ይህ የእትዬ እከሊት ነው፣ ይህ ያቺ ወደ ነቀምቴ የተዛወረችው አስተማሪ የሰጠችኝ ነው። ግቢው የዘመድና የጎረቤት መዝገብ ነው።

ከዚያ መዝገብ ውስጥ የጠፋው የሄደው ልጅ ነው። ስለዚህ ለትንሽ ከተማ የሚላክ ስጦታ ከተባለ ትክክለኛው ስጦታ ችግኝ ነው። ከአዲስ አበባ መላክም አያስፈልገውም። አምቦ ውስጥም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች በመንገድ ዳር ችግኝና የአበባ ተክል በጥቁር ላስቲክ አፍልተው የሚሸጡ ሴቶችና ወጣቶች አሉ። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ችግኝ ማፍላት በየወረዳው የብዙ ሰው ሥራ ሆኗል። ለዘመቻ የሚፈላው ችግኝ በአብዛኛው በኮታ ተቆጥሮ ወደ ተራራ የሚሄድ ነው፤ ቢጸድቅም ባይጸድቅም ተመልሶ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። ለአንድ እናት ግቢ የተገዛ አንድ ችግኝ ግን በየቀኑ የሚያየው ሰው አለው።

ገንዘቡም የሚሄድበት ይለያል። ከውጭ በካርድ የተከፈለው የእቅፍ አበባ ዋጋ አብዛኛው አዲስ አበባ ላይ ይቀራል። አምቦ ላይ ለችግኝ ሻጭዋ በቴሌብር የተላከው ብር አምቦ ላይ ይውላል። ከአንዱ እቅፍ ዋጋ ሁለትና ሦስት ተክል፣ ከሸክላ ሠሪ የተገዛ ማሰሮ፣ የባጃጅ ሒሳብም ይወጣል። ሸክላ ሠሪዎችን ማንሳት ያለ ምክንያት አይደለም። በፕላስቲክ ባልዲ ዘመን ገበያቸው እየጠበበ ያለ ባለሙያዎች ናቸው፤ ለድስትና ለጀበና የሚያውቁትን እጅ ለአበባ ማሰሮ ማዋል አያቅታቸውም።

የማድረስ ችግርም ያን ያህል አይደለም። አምቦ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይዞ ሰው አይፈለግም፤ «ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮው ጀርባ፣ የእገሌ እናት ቤት» ይባላል፣ ይገኛል። የአትላንታው ድርጅት ኮምፒውተር ይህንን አድራሻ አይቀበልም። የባጃጅ ሹፌሩ ግን ምናልባት ልጅየውን በስም ያውቀዋል። ይዞ የሚሄደውም ሰው የማይታወቅ ባይሆን ይመረጣል፤ የእህት ልጅ፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ፣ ደጅ ላይ ቆሞ ምርቃቱን የሚቀበል፣ ቡናውን ጠጥቶ የሚመለስ። ቃል የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ እሷ በምትናገረው ቋንቋ ይጻፍ። ልጅነቱን ሙሉ «ሃርሜ» ብሎ የጠራት ሰው በእንግሊዝኛ የታተመ ካርድ መላኩ ለማን ተብሎ ነው?

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነገሮችም አሉ። ኪራይ ቤት የሚኖር ሰው መሬት ላይ የሚተከል ነገር ቢላክለት ሲለቅ ለአከራዩ ትቶት ይሄዳል፤ ለእሱ ተንቀሳቃሽ ማሰሮ ነው የሚሻለው። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ውሃ የሚጠጣ ተክል መላክ ለሰው ሥራ መጨመር ነው። ከፍታም ወሳኝ ነው። አምቦ ላይ የሚያምርበት አቮካዶ ወደ ጄልዱ ወይም ወደ ጊንጪ ደጋ ሲወጣ ውርጭ ይመታዋል፤ እዚያ እንደ አፕል ያለ ብርድ የሚወድ ነው የሚያዋጣው። ይህንን ሁሉ አዲስ አበባ ያለው የስጦታ ሱቅ ላያውቀው ይችላል። በመንገድ ዳር ላስቲኮቿን ደርድራ የተቀመጠችው ሴት ግን ታውቀዋለች። ደካማ አዛውንት ከሆኑ ደግሞ ተክሉ ብቻውን አይላክ፣ የሚያጠጣ የጎረቤት ልጅ አብሮ ይፈለግ፤ ለልጁም የደብተር ብር ይሁንለት።

ይህ መንገድ ራሱ የተክል ታሪክ ያለበት መንገድ ነው። በመናገሻ ተራራ ላይ ያለውን የጽድ ደን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ያለው አዲስ ዓለም ደግሞ ዋና ከተማ ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው። አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ሲያልቅባት አፄ ምኒልክ ከተማውን ወደዚያ ለማዛወር ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ በቅሎ አዲስ አበባን አስቀራት፤ የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የሆለታ የቀድሞ ስሟ ገነት፣ የአምቦ ሀገረ ሕይወት ነበር። ስም ያወጡት ሰዎች ቦታውን ሲያዩ የታያቸው ልምላሜ ነበር ማለት ነው። የአምቦ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ሲጀመር፣ በ1939 ዓ.ም.፣ የእርሻ ትምህርት ቤት ነበር።

የዚህ ዩኒቨርሲቲ ምረቃ ቀን በር ላይ ያለውን ገበያ ማየት ይበቃል። ከየወረዳው የመጡ ወላጆች ልጃቸውን አበባ ሊያስይዙ ይፈልጋሉ። የሚያገኙት በአብዛኛው የፕላስቲክና የወረቀት አበባ ነው፤ ከሩቅ አገር በመርከብ የመጣ፣ አቧራ የጠጣ፣ ለፎቶ ብቻ የሚሆን። ከዚያ በር ጥቂት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ፣ አንገቱ አጥሮ ወይም ራሱ አንሶ የውጭ ገበያ ደረጃ ያላሟላ ደህና ጽጌረዳ ወይ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ይሰጣል ወይ ይጣላል። እንግዲህ የእርሻዎቹ ባለቤቶችና የዞኑ አስተዳደር በዓመት ለአራትና ለአምስት ቀን፣ ለምረቃ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ አንዲት ማቀዝቀዣ መኪና ወደ ምዕራብ እንድትዞር መስማማት ምን ያህል ያስቸግራቸዋል? ማዕከላዊ ገበያ ይገንባ፣ ጥናት ይጠና ማለት አይደለም። አንዲት መኪና ናት።

ይህንን መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም። እርሻዎቹ ያረፉበት መሬት የአርሶ አደር መሬት ነበር፤ የመሬት ጥያቄ በዚህ ዞን ምን እንደሚያስነሳ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተጀመረው ተቃውሞ አሳይቷል። በዚያው ዓመትና በቀጣዩ በኦሮሚያም በአማራ ክልልም የአበባ እርሻዎች ጥቃት ደርሶባቸዋል። ንብረት ማቃጠል የማንንም ልጅ ሥራ አልሰጠም፤ ያንን መደገፍ አይቻልም። ግን ሰው የራሱ የሆነ ነገር ሲቃጠል ያጠፋል፣ የራሱ ያልሆነው ሲቃጠል ቆሞ ያያል። ከአጥሩ ውስጥ የሚወጣው ሁሉ ቦሌ ብቻ የሚሄድ እርሻ ለአካባቢው ሰው አጥር ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያስቆጨው የሠራተኞቹ ነገር ነው። በዘርፉ ከተቀጠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ጠዋት በአውቶቡስ ተጭነው ይገባሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሲቆርጡ፣ ሲመድቡ፣ ሲያስሩ ይውላሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዝቅተኛ ደሞዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢናገርም ለግሉ ዘርፍ የዝቅተኛ ደሞዝ ወለል እስካሁን አልተቀመጠም። ለፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን፣ ቀጥሎም ለሴቶች ቀን፣ ሥራው እጥፍ ይሆናል። አንዲት ልጅ በዚያ ሰሞን ያሰረችውን እቅፍ ብዛት ቆጥራ አትጨርሰውም። እሁድ ወደ ወላጆቿ ቤት ስትሄድ ስኳርና ሳሙና ይዛ ትሄዳለች፤ አበባ ይዛ መውጣት እንኳን ሊሰጣት፣ በር ላይ ፍተሻ አለ። በማርች 8 ቀን ለእያንዳንዷ ሠራተኛ አሥር አሥር ዘንግ ይዛ እንድትወጣ ቢፈቀድ የየትኛው እርሻ ሒሳብ ይጎድላል?

እስከዚያው ድረስ አምቦ ላይ እናት ያለው ሰው የእርሻዎቹን ስምምነት መጠበቅ አያስፈልገውም። ችግኝ የሚተከለው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ነው፤ መሬቱ ረጥቧል፣ ማጠጣትም አያስፈልግም። ቡና ለሚወዱ አንድ ጤና አዳም፣ አንድ የጽጌረዳ ቁጥቋጦ፣ አንድ የሸክላ ማሰሮ። የእህት ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ስትወጣ ትገዛዋለች፤ ማታ ፎቶ ትልካለች። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ በሚደወለው ስልክ ላይ፣ «ደህና ነሽ? ብሩ ደረሰ?» ከተባለ በኋላ ዝም በሚባልበት ቦታ፣ የሚጠየቅ አንድ ሌላ ነገር ይኖራል፦ አበበ?